ከቧንቧው በኋላ የተወለዱ

ኤርሳዶ ከሆሳዕና ወደ ጂንካ የመጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። ግንበኛ ነበር፤ ቧንቧ መዘርጋትም ያውቃል። ያመጣው የውጭ ሰዎች የሚመሩት አንድ አነስተኛ የውኃ ፕሮጀክት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሱ ግን አገሩ አልተመለሰም። አረጋሽ የምትባል የአሪ ልጅ አግብቶ ነበር። ከዚያም በላይ ጥሎት መሄድ የማይሆንለት ሥራ ነበረው፤ እሱም የዳልቤ ቧንቧ ነው።

ዳልቤ ከቀይ አፈር ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ በወይጦ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የፀማይ መንደር ናት። ከመንደሯ በላይ፣ ከጥቁር ቋጥኝ ሥር፣ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ፍልውኃ ይፈልቃል። ቀድሞ ሴቶቹ የሚቀዱት ከወንዝ ነበር፤ ሄዶ መመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የሚመጣውም ድፍርስ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ተቅማጥ ይገባና ሕፃናትን ይወስዳል። በ1968 ኤርሳዶ የፍልውኃውን አፍ በሲሚንቶ ገነባ፤ ውኃው የሚቀዘቅዝበት ገንዳ ሠራ፤ ከገንዳው እስከ መንደሩ መሀል ስምንት መቶ ሜትር ቧንቧ ዘረጋ። ፈረንጆቹ ውኃውን በጠርሙስ ወስደው አስመረመሩና ጀርም የለበትም አሉ። እውነትም አልነበረበትም። በዚያ ዓመት በዳልቤ በተቅማጥ የሞተ ልጅ አልነበረም፤ በሚቀጥለውም ዓመት አልነበረም።

መንደሩ ዘመን የሚቆጥረው በዚሁ ሆነ። የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ፣ የአንድ ልጅ ዕድሜ ሲጠየቅ ከቧንቧው በፊት ነው ወይም ከቧንቧው በኋላ ነው ይባላል። ኤርሳዶ ይህን ሲሰማ ዝም ቢልም ፊቱ ያሳብቅበታል። ቤቱን ዳልቤ ሠርቶ፣ የገበሬ ማኅበሩ የውኃ ጠባቂ ሆኖ፣ በቆሎውን እየዘራ ኖረ። የራሱ ልጅ ተናኜም ከቧንቧው በኋላ ከተወለዱት አንዷ ነበረች።

በጥር 1977 ከአዲስ አበባ አንድ ላንድሮቨር መጣ። የወረዱት ሾፌሩና አመለወርቅ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ኬሚስት ናቸው። በዚያን ጊዜ ላንጋኖ አካባቢ ከመሬት በታች ባለው ሙቀት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ጉድጓድ እየተቆፈረ ነበር። እሷም የደቡቡ ቆላ ተመሳሳይ ተስፋ ይኖረው እንደሆነ ለማየት ተልካ ነው የመጣችው። ኤርሳዶ ፀማይኛ ስለሚችልና ፍልውኃዎቹን ሁሉ ስለሚያውቅ መንገድ መሪም አስተርጓሚም ሆኖ ተሰጣት።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ እስከ ጨው ባሕር ዳርቻ ተዘዋወሩ። በመጀመሪያው ፍልውኃ ላይ ኤርሳዶ የመሰርሰሪያ መሣሪያው የት እንዳለ ጠየቃት። መሣሪያ የለም አለችው፤ ያላት ቴርሞሜትር፣ ማጣሪያና አንድ ሣጥን የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሳይቆፈር የታችኛው ሙቀት እንዴት ይታወቃል ብሎ ሲገረም ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ አስረዳችው። ስኳር በትኩስ ሻይ ውስጥ እንጂ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ እንደማይሟሟ ሁሉ ድንጋይም እንደዚያው ነው አለችው። ውኃው ከታች በጋለ መጠን ከድንጋዩ ሲሊካ የሚባለውን አብዝቶ ያሟሟል። ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውን ግን ወዲያው አይጥልም። ስለዚህ ላይ የተቀዳው ውኃ ስንት ሲሊካ እንደያዘ የለካ ሰው ታች ምን ያህል ይግል እንደነበር ያሰላል። ሶዲየምና ፖታሲየምም በበኩላቸው ይመሰክራሉ። ምስክሮቹ ካልተስማሙ ደግሞ መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ኤርሳዶ አፉን ከፍቶ ሰማት። አሥራ ሁለት ዓመት ከውኃ ጋር ሲኖር፣ ውኃ ንጹሕ ነው ወይም ድፍርስ ነው ከማለት ያለፈ የሚያወራው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ከእጇ ነጠቃት ማለት ይቻላል። ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ሦስቴ ያለቀልቃል፤ አየር እንዳይገባ እስከ አፉ ሞልቶ ይከድናል፤ ለአንዱ ጠርሙስ የአሲድ ጠብታ ይጨምራል፤ ለሲሊካው የሚሆነውን ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንዳይረጋ በተጣራ ውኃ ያቀጥናል። ቁጥሩንና ሙቀቱን ይጽፋል። የዳልቤን ለመጨረሻ ያቆየው ራሱ ነው፤ ሲሚንቶውንና ቧንቧውን ሊያሳያት ፈልጎ።

ዳልቤ ላይ ቴርሞሜትሩ ስድሳ ስምንት ዲግሪ አሳየ። ጠርሙሶቹ ተሞልተው ሣጥን ከገቡ በኋላ የመንደሩ ልጆች መኪናውን ከበቡ። አመለወርቅ የማታውቀውን ቋንቋ እየደገመች ታስቃቸው ጀመር፤ እነሱም ተንከተከቱ። ወዲያው የእሷ ሳቅ ቆመ። ወደ አንዱ ልጅ ጎንበስ ብላ ከንፈሩን በጣቷ ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ተናኜ ዞረች። የፊት ጥርሶቻቸው ብል የበላው እንጨት ይመስል ተቦርቡረው ቡናማ ሆነዋል። ኤርሳዶ ትንሽ አፈረና፣ እነዚህ ልጆች አፈር እየበሉ መሆን አለበት፣ መፋቂያ ያዙ ብዬ ሁልጊዜ እመክራለሁ አላት።

እሷ አልመለሰችለትም። ሰዎቹን በዕድሜ ከፋፍሎ እንዲያቆምላት ለመነችው። ኤርሳዶ ለምን እንደሆነ ሳይገባው በሚያውቀው አቆጣጠር ለያቸው፦ ቧንቧው ሲገባ ለአቅመ ሥራ የደረሱትን በአንድ ወገን፣ ያኔ ልጆች የነበሩትን መሀል፣ ከቧንቧው በኋላ ተወልደው ጥርስ የለወጡትን በሌላ ወገን። አመለወርቅ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች ጥርሳቸውን አየች፤ እሱም ከኋላዋ ተከተላት። የመጀመሪያዎቹ ጥርስ እንደ ወተት ነጭ ነበር። የመሀለኞቹ እንደ ኖራ የደረቀ ሰረዝ ነበረበት። የመጨረሻዎቹ ግን አንድም ሳይቀር ሁሉም ቡናማ ነበር።

«ይህ ውኃ መጠጣት የጀመረው መቼ ነው፣ ጋሽ ኤርሳዶ?»

«በስልሳ ስምንት» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ራሱ የሰማው። ሰልፉን እንደገና አየ። መስመሩን ያሰመረው በገዛ እጁ ነበር፤ ያሰመረውም በቧንቧው ነው። የመኪናውን በር ያዘ።

በዚያው ሰዓት በቧንቧ ሥራ የሚረዳው ታደለ ሊሰናበታት መጣ። ታደለ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ሰላም ሊላት መላ ሰውነቱን አዞረ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቅ ኤርሳዶ አስተረጎመ፦ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ቁርጥማት መስሎን በፍልውኃው እንዲታጠብና ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ሁለት ጣሳ እንዲጠጣ አድርገናል። ያዘዘለት ራሱ መሆኑን ግን አልተናገረም። ከጋለ ድንጋይ ውስጥ ሌላም ነገር ይሟሟል፣ ፍሎራይድ ይባላል፣ ቀለም የለው ሽታ የለው፣ ሲበዛ ግን ጥርስና አጥንት ያበላሻል አለችው አመለወርቅ። ግን ላቦራቶሪ ሳይለካው ሕዝብ አላስደነግጥም፣ ውጤቱን ይዤ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ውጤቱ አምስት ወር ቆየ። ኤርሳዶ በእነዚያ አምስት ወራት ያደረገውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍርበት ኖሯል። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ሲወጣ በአህያ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይዞ ይወርድ ጀመር። ለማን ነው ሲሉት አረጋሽ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ሆዷ የእኛን ውኃ እንቢ አላት ይላል። እሷና ተናኜ ከጀሪካኑ ይጠጣሉ፤ መንደሩ ከቧንቧው ይጠጣል። ገና አልተረጋገጠም ይል ነበር ለራሱ።

በሰኔ ወር ጂንካ ወዳለው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራ። አመለወርቅ ሪፖርቷን ለባለሥልጣኖቹ ልታቀርብ መጥታለች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም የመብራት ወሬ ሊሰማ ነው የመጣው። እሷ ግን በቀስታ አስረዳች፦ ሲሊካው መቶ ሠላሳ ዲግሪ ይላል፣ ሌሎቹ ምስክሮች ከዚያም በታች ይላሉ፣ ተርባይን የሚያዞር እንፋሎት ለማግኘት ይህ አይበቃም፤ ለጊዜው ቁፋሮ አይመከርም። የስብሰባው ሊቀመንበር ፖቴንሻሉ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ወንበር ይንኳኳ ጀመር። አመለወርቅ አንድ ነጥብ ቀርቶኛል ብላ ስለ ዳልቤ መጠጥ ውኃ ስትናገር ግማሹ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ነበር። አንዱ ባለሥልጣን ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ይጠየቅ አለ፤ ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ኤርሳዶ ከተቀመጠበት አልተነሣም። አመለወርቅ አጠገቡ ተቀምጣ ሠንጠረዡን ዘረጋችለት። እንግሊዝኛውን ባያነብም ቁጥር ያውቃል።

«ለመጠጥ የሚፈቀደው ፍሎራይድ በሊትር አንድ ነጥብ አምስት ሚሊግራም ነው» አለችው። «የዳልቤ አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት ነው።»

ኤርሳዶ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። ቆይቶ ቢፈላስ ብሎ ጠየቀ። ለእናቶች ሁሉ ለሕፃን የሚሰጠውን ውኃ አፍሉ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረው እሱ ነው። አመለወርቅ እውነቱን ሳትነግረው ብትቀር ደስ ባላት። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይከብዳል አለችው። የተበላሸ ጥርስ አይመለስም፤ የታደለ አጥንትም አንዴ ከደረቀ እንደ ድሮው አይሆንም። ሌላ ውኃ ሳያገኙ ግን ቧንቧውን እንዳይዘጉ አለችው፤ ይህንን ሁለቴ ደገመችለት።

ዳልቤ ሲደርስ መጀመሪያ የነገረው ለአረጋሽ ነው። እሷ ግን ቀድማ ገብቷት ነበር፤ ጀሪካኑ ነግሯታል። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሰው መቼ ትናገራለህ አለችው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ኤርሳዶ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጥርሱን፣ አንገቱን፣ ቁጥሩን። የሚጮህ ሰው አልነበረም። የሁሉም ታላቅ የሆነው ዶላሞ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ።

«ቧንቧውን ልትዘረጋ የመጣህ ቀን ነግሬህ ነበር። አባቶቻችን ይህንን ውኃ ለከብት ቁስልና ለገላ እንጂ ለአፍ አይሉትም ነበር። አንተ ሳቅህ።»

ኤርሳዶ አስታወሰ። ስቆ ነበር። ውኃው ውስጥ ያለውን መንፈስ ፈርተው የሚያወሩት መስሎት፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ንጹሕ ውኃ ለምን ትፈራላችሁ ብሎ አስተምሮም ነበር። የመጀመሪያውን ጣሳ በፊታቸው የጠጣው እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ጠጣችሁ?» አለ።

«አንተ ጠጣህ። ልጅህን አጠጣህ። ሰው በልጁ ላይ አይቀልድም አልንና ጠጣን።»

ኤርሳዶ እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ተናኜ ከጥር ወዲህ ከዚህ ውኃ አልጠጣችም አላቸው፤ ጀሪካኑም ለምን እንደነበር ነገራቸው።

ዶላሞ ከርጩማው ተነሣ። ርጩማውን አንሥቶ ሲሄድ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ታደለ ብቻ ቀረ፤ ለመነሣት እንጨት መደገፍ ስላለበት ሁልጊዜ የሚዘገየው እሱ ነው። ተነሥቶ መላ ሰውነቱን ወደ ኤርሳዶ አዞረ።

«ሁለት ጣሳ ስጠጣስ፣ ከጥር ወዲህ ታየኝ አልነበር?»

ኤርሳዶ ሄዶ የገንዳውን ቫልቭ በሁለት እጁ ጠምዝዞ ዘጋው። አመለወርቅ ሁለቴ የነገረችው አልጠፋውም፤ ግን ያ ውኃ ሲፈስ ማየት አልቻለም።

ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። በጥቅምት ዝናቡ ሲመጣ ወንዙ ደፈረሰ፤ በወሩ መጨረሻ አራት ልጆች በተቅማጥ ታመሙ። ሦስቱ ተረፉ። አራተኛው የታደለ ልጅ ነበር፤ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ታደለ ጎንበስ ብሎ መቆፈር ስለማይችል ጉድጓዱን የቆፈረው ኤርሳዶ ነው። አፈሩን በአካፋ ሲወረውር ታደለ እንደ ምሰሶ ቆሞ ያየው ነበር። ይመጣብኛል ብሎ የጠበቀው ስድብ ሳይመጣ ቀረ፤ የባሰበት እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ዶላሞ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረው። ቧንቧውን ክፈት፣ ሌላ ውኃ እስክታገኝ ትልልቆቹ እንጠጣዋለን፣ ለሕፃናቱ የወንዙን እናፈላለን አለው። ያገኛል ብሎ ማሰቡ ኤርሳዶን ገረመው። ቫልቩን ከፈተ፤ በዚያው ሳምንት ጂንካ ወጥቶ ለአመለወርቅ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ሞተው ልጅም ሳይደብቅ ጻፈላት።

መልሷ በአውሮፕላን ከአንድ ካርቶን ባዶ ጠርሙስ ጋር መጣ። ደብዳቤው ወቀሳ አልነበረበትም። እኛ ስንፈልግ የነበረው የጋለ ድንጋይን የነካ ውኃ ነው፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው ይላል። ቀዝቃዛ፣ ማግኒዥየምና ካልሲየሙ ከፍ ያለ፣ ሲሊካው ዝቅ ያለ፤ እሳት የት እንዳለ የማያውቅ ውኃ ይፈልጉ። ሳሙና አረፋ የማያወጣበት ውኃ ካገኙ ደግሞ፣ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይይዘዋልና፣ ከሁሉ በፊት እሱን ይላኩልኝ።

ኤርሳዶ ፈለገ። በእግሩ የአንድ ቀን መንገድ ባለው ዙሪያ ያለ ምንጭ፣ ኩሬና የአሸዋ ጉድጓድ ሁሉ ናሙና ቀዳ። ጠርሙሶቹን በገለባ ጠቅልሎ ቀይ አፈር ያወጣል፤ በጭነት መኪና ጂንካ ይወስዳል፤ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ሜዳው ዳር ይጠብቃል። ዝናብ ካለ አውሮፕላኑ አያርፍም፤ አንዴ ስምንት ቀን ጠብቋል። ውጤቱ በየሁለትና ሦስት ወሩ ይመጣል፤ ስድስት፣ አራት፣ ዘጠኝ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ለመጠጥ አልሆኑም። ከቅርቡ ጉድጓድ የተቀዳው፣ ፍልውኃ የሌለበትና ሲነኩት የሚቀዘቅዘው እንኳ፣ አምስት ሆኖ ሲመጣ ኤርሳዶ ወረቀቱን ይዞ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። እሳቱ ከመንደሩ ሥር ሁሉ ያለ መሰለው።

አሥራ ሦስተኛውን ያሳየው ታደለ ነው። ከብት ሲጠብቅ የሚያውቀው፣ ከገደሉ ላይ ከነጭ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ትንሽ ምንጭ ነበር፤ ቦታውን በእንጨቱ ጠቆመው እንጂ አብሮ መውጣት አልቻለም። በዚያ ውኃ ሳሙና አረፋ አላወጣም። ውጤቱ በመስከረም 1979 መጣ፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት።

ምንጩ ከመንደሩ አምስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከማመልከቻ በኋላ ማመልከቻ ተጽፎ፣ ኤርሳዶም ጂንካ ሲመላለስ ጫማ ጨርሶ፣ የሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቧንቧ ተፈቀደ። ከቀረው ለግማሹ የፍልውኃውን መስመር ነቅሎ ሊጠቀም አሰበ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲያወጣው ከበደው። ወደ ፀሐይ ዞሮ ውስጡን ሲያይ በድንጋይ ተደፍኖ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶት ነበር። አረጋሽ አጠገቡ ቆማ አየችው፤ ይህ ሁሉ በእኛ ውስጥ አልፏል ማለት ነው አለች። ከእሱ ምንም አልተጠቀመበትም። ለጎደለው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መንደርተኛው ከብት ሸጦ ገዛ፤ ዶላሞ ሁለት በሬ ሰጠ።

ውኃው ዳልቤ የገባው በግንቦት 1981 ነው። ድግስ አልተደረገም፤ ኤርሳዶ እንዳይደረግ ለመነ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለዶላሞ ሰጡት፤ ሽማግሌው ግን ለኤርሳዶ አቀበለው፤ እሱም በፊታቸው ጠጣ። አረጋሽ በ1978 የወለደችው ወንድ ልጅ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጀሪካኑና የእናቱ ወተት እሱን አትርፈውታል። ታደለ የአዲሱ ቧንቧ ጠባቂ ሆነ። አንገቱ አልተመለሰም፤ ከኤርሳዶ ጋር ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽላ ይጠብቃሉ፤ ብዙም አያወሩም።

አመለወርቅ ጠርሙስ መላኩን አላቋረጠችም። ኤርሳዶም ከዳልቤ አልፎ ወደ አርቦሬና ከዚያም ወዲያ መሄድ ጀመረ፤ ማንም አልላከውም፣ ማንም አልከለከለውም። በሚደርስበት መንደር መጀመሪያ ልጆቹን ያስቃል። በ1983 መጋቢት ከእሷ የመጨረሻው ሠንጠረዥ መጣ፤ በአገሩ የሚወራው ሁሉ ስለ ጦርነቱ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዳልቤ ወዲያ ካሉት አርባ አንድ የውኃ ቦታዎች አሥራ አንዱ ለመጠጥ አይሆንም ይላል። ኤርሳዶ በአማርኛ የተጻፈውን የቦታዎቹን ስም በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ከአሥራ አንዱ ሰው የሚጠጣው ከስንቱ እንደሆነ ቆጠረ። ስምንት ነበሩ። እንደገና ቆጠረ፤ ስምንት። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ አሞት እንደሆነ ጠየቀው፤ አልሰማውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭኖ ከስምንቱ ወደ መጀመሪያው መንደር ወረደ። ለዚያ መንደር ቋንቋ አስተርጓሚ አልነበረውም፤ የማይዞረው አንገቱ እንዲናገርለት ታደለን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ይዞት ሄደ።